በጽዋዬ ቀን ከጓዳ ያልወጣሁባት ግማሽ ሰዓት

ሰው ፊት ቆሜ የማወራ ሴት አይደለሁም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ የምጽፈውም ፊደል እየለቀምኩ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ቤቴ ውስጥ የሆነውን ግን ለብዙ ሴቶች በቃሌ ነግሬያለሁ። አንዷ ደንበኛዬ የቀሚሷን ዚፕ እየቀየርኩላት ሰምታኝ፣ "ጻፊው እንጂ፤ በአፍ ብቻ ከቀረ እኮ ይረሳል" አለችኝ። ሳስበው እውነቷን ነው። ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ ልጃችሁ ሲመሽ በር በሩን የምታዩ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምኖረው ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ ልብስ መጠገን ነው። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተቀደደ እጠግናለሁ፣ የወፈረ ሰው ሲመጣ አሰፋለሁ፣ የከሳ ሲመጣ አጠባለሁ። የስፌት መኪናዬን አንድ ፎቅ ሥር፣ በረንዳ ላይ ዘርግቼ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ባሌን የቀበርኩት ብሩክ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። መጠጥ ነው የገደለው። ለሰው ግን "ጉበቱን አሞት ነው" አልኩ። ጉበቱን ምን እንዳሳመመው ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ብሩክ አንድ ልጄ ነው። ዓይኔ ቀድሞም ደካማ ስለሆነ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባልኝ እሱ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን በረንዳው ላይ ይጥልና ያሉኝን መርፌዎች ሁሉ ክር አስገብቶ ጨርቅ ላይ ይሰካልኛል። "እማዬ፣ የነገንም ጨምሬልሻለሁ" ይለኛል። ይኸው እጁ ነው ወርቅ ቤት ያስገባው። ጋሽ ሙሉጌታ የሚባሉ ወርቅ ሠሪ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው ሲሠራ አዩትና፣ "ይሄ እጅ ክር ላይ አይቅር፤ ስጪኝ" ብለው ወሰዱት። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ቀለበት መበየድ ቻለ።

መጠጡ ዓርብ ዓርብ ነበር የጀመረው። ደመወዝ ሲቀበሉ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ድራፍት። "ወጣት ነው፣ ይጫወት" አልኩ። ከዚያ ሐሙስም ዓርብ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ሰኞም ዓርብ ሆነ። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ጠዋት ጠዋት እጁ አልረጋ እያለ የሙሽራ ቀለበት እሳት ላይ አቀለጠ። ጋሽ ሙሉጌታ አሰናበቱት። በዚያ ሰሞን፣ እንደ ልጅነቱ ያደርገው መስሎኝ፣ መርፌና ክር ሰጠሁት። አራት ጊዜ ሞከረ። በአምስተኛው መርፌውን መሬት ላይ ወርውሮ ወጣ። እኔ ተንበርክኬ መርፌውን በመዳፌ እየፈለግሁ፣ የባሌን እጅ አየሁ። ቡና ስኒ መያዝ ያቃተውን እጅ።

ከዚያ ወዲህ በፍርሃት ነው የኖርኩት። አንድ ጠዋት ሥራ ስሄድ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ግንባሩ ተሰንጥቋል። የማላውቀው ሰው ማዳበሪያ ጆንያ አልብሶታል። ቀሰቀስኩት። ሲያየኝ እንደ ሕፃን አለቀሰና እንዲህ አለኝ።

"እማዬ፣ አራት ኪሎ የሆነ ማስታወቂያ አይቻለሁ። መጠጥ የበዛባቸውን ወጣቶች የሚረዱ ሐኪሞች አሉ። በጆሮ ነው አሉ።"

"በጆሮ ምን?"

"ኮረንቲ።"

እኔ የማውቀው ኮረንቲ ከግድግዳው ሽቦ የሚወጣውን፣ ሰው ገጭቶ የሚጥለውን ነው። "ልጄን ሊያቃጥሉት ነው" ብዬ አብሬው ሄድኩ። ልከለክል ነበር የሄድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ ብሩክን ለብቻው መረመረችው። ስንት እንደሚጠጣ፣ ሳይጠጣ ሲውል ምን እንደሚሰማው ጠየቀችው፤ ልቡን አየች፣ ደሙን ለምርመራ ላከች። ከዚያ እኔን አስገባችኝ።

"እናቴ፣ ምን አስፈራዎት?"

"ጭንቅላቱን ልታነዱብኝ ነው?" አልኳት።

አልሳቀችብኝም። ቀሚሴ ላይ የቀሩትን የክር ቁራጮች አይታ፣ "ልብስ ይሰፋሉ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ከኔ በላይ ይገባዎታል። ከአንጎል ተነስቶ፣ በአንገት ወርዶ፣ በልብና በሳንባ በኩል ሆድ ድረስ የሚሄድ ረዥም ነርቭ አለን። እንደ ክር ይቁጠሩት። የዚያ ክር አንዷ ጫፍ ጆሮ ላይ ብቅ ትላለች። እኛ ያቺን ጫፍ በትንሹ እንነካካታለን። ያን ጊዜ የተጨነቀ ሰውነት ረገብ ይላል ብለን ነው።"

"ብለን ነው ማለት? አታውቁትም?"

"እየሞከርነው ነው። ጥናት ነው። ተአምር ነው ብዬ አልዋሽዎትም።"

እንዲህ በማለቷ አመንኳት። መሣሪያዋን አውጥታ አሳየችኝ። የእጅ ስልክ ታህል ሣጥን ናት፤ ከሷ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ ሽቦው ጫፍ ላይ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች ትንሽ ነገር አለች። "ይሞክሩት" ብላ በግራ ጆሮዬ ላይ ቆነጠጠችልኝ። ጉንዳን ጆሮዬ ላይ የምትሄድ መሰለኝ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

ለካ ያን ሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ኖሯል! ግን መቆንጠጫዋ ብቻዋን አልነበረችም። ጆሮው ላይ እያለች ብሩክ ዓይኑን ጨፍኖ ስልኩ ላይ የተጫነለትን ድምፅ ይሰማል። ትንፋሹን ይከተላል፤ ሰውነቱ ውስጥ የሚሆነውን ሳይሸሽም ሳይታገልም ዝም ብሎ ያያል። ሐኪሟ ይህን ስታስረዳው እንዲህ አለችው።

"የመጠጥ አምሮት እንደ ወያላ ነው። 'መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው! ሞልቷል!' እያለ ክንድህን ይዞ ይጎትትሃል። አንተ መገናኛ መሄድ አትፈልግም። ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ትደባደባለህ?"

"ዝም እለዋለሁ" አላት ብሩክ።

"በቃ፣ ይኸው ነው። ጆሮህን አትድፈን፣ አትሳደብ፣ አትሳፈር። ጮኾ ጮኾ ይሄዳል። ሌላም ይመጣል፤ እሱም ይሄዳል።"

መሣሪያዋን ቤት ወስዶ ስድስት ሳምንት፣ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንዲሠራ ተባለ። ስንወጣ ሐኪሟ እኔን ለብቻ ጠርታ፣ "እናቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። ቤት ውስጥ መጠጥ አይኑር" አለችኝ።

"ምን መጠጥ አለ ቤቴ! አሥር ዓመት ጠርሙስ አልገባበትም" ብዬ ማልኩ።

አሁን ስሕተቴን እነግራችኋለሁ። ለኔ መጠጥ ማለት ቢራ፣ ድራፍት፣ አረቄ ነበር። ጠላ መጠጥ መስሎ አልታየኝም። ጠላ የቤት ነገር ነው፤ የማኅበር ነው፤ እናቴም አያቴም የጠመቁት ነው። በሚቀጥለው ወር የሃያ አንድ ማርያም ማኅበር ተረኛ እኔ ነበርኩ። ጽዋውን አክብሬ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ብሩክ ሕክምናውን በጀመረ በሳምንቱ ብቅልና ጌሾ ገዝቼ፣ ሰማያዊውን የፕላስቲክ በርሜል አጥቤ፣ ጠላ ጠነሰስኩ። በርሜሉን የት አስቀመጥኩት? ጓዳ። ጓዳ ውስጥ ማን ነው የሚተኛው? ብሩክ።

ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መቆንጠጫዋን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የጌሾ ሽታ እየሸተተ ትንፋሹን ሲከተል ኖሯል። አንድም ቀን "አውጪልኝ" አላለኝም። እኔም በመጋረጃው ማዶ ስልኩ የሚለውን እየሰማሁ፣ "ተመስገን፣ ልጄ እየዳነ ነው" እያልኩ የጠላዬን ቀን እቆጥራለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሃያ አንድ። ጠዋት ብሩክ ልምምዱን ሳይሠራ ተነሣ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል።

"ጋሽ ሙሉጌታ ጋ ልሄድ ነው" አለኝ። "ሦስት ሳምንት አልጠጣሁም። እጄም እየተሻለው ነው። ልለምናቸው።"

"መጀመሪያ ጆሮህን አድርግ እንጂ።"

"ስመለስ አደርጋለሁ።"

መርቄ ሸኘሁት። እሱ እንደወጣ ቤቱን ለእንግዳ ማዘጋጀት ጀመርኩ። መቆንጠጫዋ ትራሱ አጠገብ ተቀምጣለች። አየኋትና ሴቶቹን አሰብኩ። የሰፈራችን ግማሽ ፈርሶ ማኅበርተኞቼ ተበትነዋል፤ በሃያ አንድ ግን ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ። ጓዳ ገብተው ማገዝ ያውቃሉ። በተለይ ጥሩነሽ። ጥሩነሽ ግድግዳ ተጎራባቼ ናት፤ ሰፈር ውስጥ ድመት ብትወልድ የአባቷን ስም ታውቃለች። ሽቦውን ካየች በነጋታው "የሷ ልጅ አብዶ በኮረንቲ እየታከመ ነው" ይባላል። እና መቆንጠጫዋን ከነመሣሪያዋ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ሳሎን ካለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ቀበርኳት። ሳጥኑ ላይ ትራስ አነጠፍኩበት። መቀመጫ ሆነ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሴቶቹ መጡ። እማማ ተዋበች ከሁላችን በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ሰማንያን አልፈዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። "ከፍ ያለ መቀመጫ ስጡኝ" አሉና ቀጥ ብለው ሄደው ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሴቶች ደግፈው፣ ከኋላቸው ትራስ ደግፈው፣ እግራቸው ሥር ዱካ አድርገው አመቻቿቸው። ካህኑ ጸልየው፣ ዳቦውን ባርከው፣ ሌላ ቤት ስለሚጠበቁ ወጡ። ዳቦ ቆረስኩ። ጠላ ቀዳሁ።

"እሰይ! ጠላሽ ብርቱ ነው" አለች ጥሩነሽ። "ባልሽ ነፍሱን ይማረውና በዚህ በዚህ ነው የተደሰተብሽ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን ሳስታውሰው ያ ሳቅ ያመኛል።

ስምንት ሰዓት ገደማ ጓዳ ውስጥ ክዳን መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ጓዳው ወደ ግቢው የሚወጣ ሌላ በር አለው። የበርሜሉ ክዳን ነው። ዳቦ እንደያዝኩ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

ብሩክ በርሜሉ አጠገብ ቆሟል። ክዳኑ መሬት ላይ ነው። በእጁ ጣሳ ይዟል። ጣሳው እስከ አፉ ሞልቷል። እጁ ሲንቀጠቀጥ ጠላው በጣቶቹ ላይ ይፈሳል።

"ቀምሰሃል?" አልኩት።

"ገና ነው።"

"ጋሽ ሙሉጌታስ?"

"መበየጃውን ሰጡኝ። 'እስቲ ያዝ' አሉኝ። ያዝኩት። ደንበኛ ቆሞ እያየ እጄ ተንቀጠቀጠ።" ጣሳውን እያየ ነው የሚያወራው። "ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። 'ልጄ፣ እጅህ ገና ከመንገድ አልተመለሰም' ነው ያሉኝ። አዲሱ ሠራተኛ ነው የሳቀው።"

"አስቀምጠው ብሩኬ። ያንን ነገር አድርግ። ጆሮህን..."

"ፈለግኋት እኮ! አልጋ ሥር፣ ትራስ ሥር፣ ፈለግኋት! የት አደረግሻት?"

"ሳሎን። ሳጥኑ ውስጥ።"

"ሳጥኑ ላይ ማን አለ?"

"እማማ ተዋበች።"

ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተናገረኝ።

"ማሽኗን ከሰው ደበቅሽ፤ በርሜሉን ግን አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥሽልኝ።"

"ጠላ እኮ ነው ልጄ... ለማርያም..."

"ጠላ ምንድን ነው እማ? ለስላሳ ነው? አባዬ በምን ሞተ?"

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ከመጋረጃው ማዶ ጥሩነሽ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ዳቦው እግር አወጣ እንዴ?" እያለች ትጣራለች። ልጄ ጣሳውን ወደ አፉ እያቀረበ ነው። ሁለት ነገር መጣብኝ። ሰው ፊት መዋረድና ልጄን መቅበር። ሁለቱን ለማነጻጸር ጊዜ የፈጀብኝ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"እስክመለስ ያዘው" አልኩት። "ያዘው ብቻ። አትጠጣው። እመለሳለሁ።"

ሳሎን ወጣሁና እማማ ተዋበች ፊት ቆምኩ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንዴ ይነሡልኝ።"

"ምነው ልጄ? ምን አጠፋሁ?"

"ከሥርዎ የማወጣው ነገር አለ።"

"አሁን ከተመቻቹ በኋላ?" አለች ጥሩነሽ። "እስኪሄዱ አይቆይም?"

"አይቆይም" አልኩ።

እማማ ሁለት ሰው ደግፏቸው እያቃሰቱ ተነሡ። ክዳኑን ከፍቼ፣ ልብሱን እየወረወርኩ፣ ነጠላዬን አገኘሁት። ስፈታው ሽቦው ተንጠለጠለ። ሁሉም አየው። "ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?" ስትል ሰማኋት ጥሩነሽን፤ አልመለስኩላትም። ጓዳ ገብቼ መጋረጃውን ዘጋሁ።

ብሩክ ጣሳውን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አልጠጣውም። ጣሳውን ከእጁ ወስጄ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ተንበርክኬ መቆንጠጫዋን ጆሮው ላይ ልሰካ አነሣሁ።

"ግራ ነው እማ። ይሄ ቀኝ ነው።"

ወደ ግራ አዞርኩ። ቁልፉን እሱ ነካው። ስልኩን አወጣ። ጥቁር ሆኗል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ባትሪው አልቆበታል።

"ድምፁ የለም" አለ፤ ዓይኑ ወደ ጣሳው ሄደ። "ያለ ድምፁ አልችልም። ሐሳቤ ይሮጥብኛል።"

እኔ ሰባኪ አይደለሁ፣ ሐኪም አይደለሁ። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በመጋረጃ ማዶ ሰምቼዋለሁ። አጠገቡ ተቀመጥኩና አፌ ያመጣልኝን ማለት ጀመርኩ።

"ዓይንህን ጨፍን። እግርህ መሬቱን ነክቷል? ይሰማሃል? እሺ። ትንፋሽህ ሲገባ እየው። ሲወጣ እየው። አታስገድደው። አሁን ምን አለ?"

"ሆዴ ይቃጠላል። ምራቄ ሞልቷል።"

"እሱ ወያላው ነው። ምን እያለ ነው?"

"'አንድ ጣሳ ብቻ' እያለ ነው።"

"ይበል። ስማው። አትስደበው። አትሳፈር።"

"እየጎተተኝ ነው እማ።"

"ይጎትት። ክንድህን ነው እንጂ እግርህን አልያዘም። እንደገና ትንፋሽህን።"

ጥሩነሽ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ጭንቅላቷን አስገባች። እኛን አየች፣ ሽቦውን አየች፣ ጣሳውን አየች። ምን እንደምትል ጠበቅሁ። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ መጋረጃውንም መለሰችው። በሕይወቷ ወሬ ይዛ ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ምን ያህል እንደቆየን ሰዓት አላየሁም። መጀመሪያ ትንፋሹ እንደ ሯጭ ነበር። አንዴ ተነሥቶ ሊወጣ ሁሉ ፈለገ፤ እጁን ያዝኩት። "ተመለሰ፣ ደግሞ ብሶ ተመለሰ" አለኝ። "ሌላ ታክሲ ነው፤ እሱም ይሄዳል" አልኩት። ስለሱ ትንፋሽ ስናገር የኔም ትንፋሽ አብሮ ይሄድ ነበር። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠ የሚመስለኝ ድንጋይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛ ቦታውን አየሁት። አልወጣም። ግን አየሁት። ፍርሃት እሱ ነበር። ልክ እንደ ብሩክ ወያላ እኔንም ይጠራኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እሳፈራለሁ። መቆንጠጫዋን ያስደበቀኝም እሱ ነው።

"አባትህን የገደለው መጠጥ ነው" አልኩት፤ ዓይኑን እንደጨፈነ። "ለሰው ጉበት ነው ብያለሁ። ጠላውን የምቀዳለት እኔ ነበርኩ።"

እጄን ጨመቅ አደረገኝ።

መሣሪያዋ ጊዜዋን ጨርሳ በራሷ ጠፋች። ብሩክ ዓይኑን ከፈተ። ጣሳውን ከመሬት አነሣ። ወደ በርሜሉ መልሶ ገለበጠውና ክዳኑን ገጠመ።

"ሄደ" አለኝ። "ሞልቶ ሄደ።"

መቆንጠጫዋን ሊያወልቅ ሲል፣ "ተዋት፤ እንዳለች እንውጣ" አልኩት።

ሽቦው በአንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ አብረን ወጣን። ብሩክ ጎንበስ ብሎ የእማማ ተዋበችን ጉልበት ሳመ። እሳቸው በግራ እጃቸው የጠላ ብርጭቆ ይዘዋል፤ በቀኝ እጃቸው ጆሮውን ነኩት።

"ይሄ ምንድን ነው ልጄ?"

"እንዳልጠጣ የሚያግዘኝ ነው እማማ። መጠጥ አሸንፎኝ ነበር።"

"ኮረንቲ በጆሮ?" አለች ጥሩነሽ ማስቻል አቅቷት። "ምን ጉድ ነው ዘንድሮ!"

"ዝም በይ አንቺ" አሏት እማማ። ብርጭቆውን ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ አጠገባቸው ላለችው ሴት ሰጡ። "እኔ ሁለት ወንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። አንዱን ሳንባ ነው አልኩ፣ አንዱን መኪና ገጨው አልኩ። መኪናው የገጨው ሰክሮ መሀል አስፋልት ተኝቶ ነው። የጠመቅሁት እኔ ነኝ፤ እንደዚህ ብርቱ አድርጌ።" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "ውሃ ስጡኝ። ማርያም ስሟን መጥራታችንን እንጂ ጠላችንን አትቆጥርም።"

ከዚያ አንዷ ሴት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሌላዋም። አንዲት ዝምተኛ ማኅበርተኛ፣ ሁላችንንም ልጄ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ነው የምትለን፣ ብሩክን በቀስታ፣ "የት ነው ይሄን የሚሰጡት?" ብላ ጠየቀችው።

"በርሜሉ ከዚህ ቤት ይውጣ" አሉ እማማ።

"እሺ ይውጣ፤ አፍስሱት ግን አትበሉኝ!" አለች ጥሩነሽ ተነሥታ። "ይሄን የመሰለ ጠላ! እኔ ቤት ይሂድ። እኔ ልጅ የለኝ፤ ባሌም ከጠጣ የሚተኛ ነው።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ብሩክም ሳቀ፤ እውነተኛ ሳቁን። ጥሩነሽና ሦስት ሴቶች በርሜሉን እየጎተቱ፣ "ቀስ! ቀስ!" እየተባባሉ በግቢው በኩል አወጡት። ጓዳዬ ውስጥ የክብ ውሃ ምልክት ብቻ ቀረ።

ልጄ በዚያች ቀን ድኖ ቀረ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠጥቷል፤ አንዴ በጓደኛው ሠርግ፣ አንዴ ያለ ምክንያት። ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ነገረኝ፤ ሐኪሟም አልተቆጣችውም፤ "ታክሲው ላይ ከተሳፈርክም ወራጅ ማለት ትችላለህ" አለችው። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ፣ "ዶክተር፣ የረዳው መቆንጠጫዋ ናት ወይስ ትንፋሹ?" ብዬ ጠየቅኋት። "ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበረታሉ ብለን እናስባለን፤ ገና እያጠናን ነው" አለችኝ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱም ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው ማንንም አይረዱም።

እናንተ እናቶች፣ የምትደብቁት ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የመዳኛውን ደብቄ የመጥፊያውን በልማድ ስም አልጋው አጠገብ አኑሬ ነበር። ልጄን ያስጨነቀው የኔ ፍርሃት እንጂ የሰው ወሬ አልነበረም። ሰውማ፣ እንዳያችሁት፣ እያንዳንዱ የራሱ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው ያለው። አንዱ ሲነሣ ሌላውም ይነሣል።

ዘንድሮ ጽዋው ተመልሶ እኔ ጋ ደርሶ ነበር። ያልፈላ የማር ብርዝ አቀረብኩ። ጥሩነሽ "ይሄ የሕፃን ጥምቀት ነው እንዴ?" እያለች ሦስት ብርጭቆ ጠጣች። እማማ ተዋበች አልነበሩም፤ ከፋሲካ በፊት አርፈዋል። ሳጥኑ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም።

ብሩክ አሁን ሌላ ወርቅ ቤት ገብቷል፤ ለጊዜው የሚሠራው ማጽዳትና ማጥራት ብቻ ነው፤ መበየጃ ገና አልሰጡትም። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ሲመለስ በረንዳዬ ላይ ቆመ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ክሩን በምራቄ እያሾልኩ ስታገል አየኝ። ዝም ብሎ መርፌውን ከእጄ ወሰደ። ወደ ብርሃኑ ያዘው። ትንፋሹን አስገባ፣ አስወጣ፤ እኔም ሳላስበው አብሬው። መጀመሪያ ሳተው። ሁለተኛውን አልሳተውም።

መርፌውን ሰጠኝና ሌላ አነሣ። ከዚያ ሌላ። ጨርቁ ላይ ተራ በተራ እየሰካ፣ ወደኔ ሳያይ፣ "የነገንም ልጨምርልሽ?" አለኝ።

"ጨምርልኝ" አልኩት።